ከሆስፒታል ሲወጡ ይዘውት ስለሚገቡት የመድኃኒት ፌስታል

ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛ ቤቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ ደክሞት ነው። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የተሰጠውን መድኃኒት በፌስታል ይዞ ይገባል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወይም ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሆስፒታል ከመተኛቱ በፊት ይወስዳቸው የነበሩ መድኃኒቶች ያሉበት ሌላ ፌስታል ይጠብቀዋል። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ከባንኮኒው ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት ካየኋቸው የአወሳሰድ ስሕተቶች አብዛኞቹ የመጡት እነዚህ ሁለት ፌስታሎች አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. በመድኃኒት የሚደርስን ጉዳት ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር ልዩ ትኩረት እንዲሰጣቸው ከጠቀሳቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ሕመምተኛው ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላው፣ ከሆስፒታልም ወደ ቤቱ የሚሸጋገርበት ጊዜ ነው።

ባለቤታቸው በልብ ድካም ተኝተው ከወጡ በአራተኛው ቀን ሁለቱንም ፌስታል ባንኮኒው ላይ የዘረገፉልኝን አንዲት እናት አስታውሳለሁ። አዲሱ ፌስታል ውስጥ ፍሮሴማይድ 40 ሚሊግራም የሚል ፓኬት ነበር፤ አሮጌው ውስጥ ደግሞ ላዚክስ የሚል ተገኘ። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ፍሮሴማይድ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ሲሆን ላዚክስ ለገበያ የወጣለት የንግድ ስም ነው። ሰውየው ሁለቱንም ሲወስዱ ሰንብተው፣ በሽንት ብዙ ፈሳሽ ወጥቶባቸው፣ በዚያ ዕለት ማለዳ ከአልጋ ሲነሡ ዞሮባቸው ወድቀዋል። እናቲቱ በየወረቀቱ የታዘዘውን አንድም ሳያጓድሉ ሰጥተዋል፤ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ግን አሮጌው መቆሙን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ከበሩ ከመውጣትዎ በፊት

በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ዋጋው ውድ ነው። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከገላን ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ደርሶ ለመመለስ የሥራ ቀን ይቃጠላል፤ ቢደርሱም የፈረሙትን ሐኪም ላያገኟቸው ይችላሉ። ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ በእጅዎ ከገባ በኋላ፣ ክፍያው አልቆ መኪና ከመጠራቱ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ወስደው ከሐኪሙ፣ ከነርሷ ወይም ከፋርማሲስቱ ጋር ይቀመጡ። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ከሐኪሞቹ ጋር ሕመምተኞችን የሚጎበኙ ፋርማሲስቶች አሉ፤ ይህን ውይይት ከእነሱ ጋር ማድረግ ከሁሉ ይቀልላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ አዲስ ስለታዘዘው አይሁን። «በፊት እወስዳቸው ከነበሩት ውስጥ የሚቆመው የትኛው ነው? የሚቀጥለው የትኛው ነው? መጠኑ የተለወጠ አለ?» ብለው ይጀምሩ። ለዚህም አስታማሚው አሮጌውን ፌስታል ከቤት ይዞ እንዲመጣ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ አዲስ መድኃኒት ለምን እንደታዘዘ፣ ስንት ፍሬ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ የሚወሰደው እስከ መቼ እንደሆነና ሲያልቅ ከየት እንደሚገዛ ይጠይቁ። «እስከ መቼ» የሚለው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ የአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ የደም ግፊት መድኃኒት ፌስታል ውስጥ ሲታዩ አይለያዩም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን «ጨርሻለሁ» ብለው ለወራት የተቀመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መልሱን ሰምቶ ጭንቅላት መነቅነቅ አይበቃም። አስታማሚው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገር፤ ባለሙያው ያርመው። መድኃኒቱን ቤት ውስጥ የሚሰጠው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጅቷ ቀን ሥራ ላይ ውላ አያትየዋ የምትሰጥ ከሆነ፣ መስማት ያለባት እሷ ናትና በስልክም ቢሆን ታነጋግር። ማንበብ ለማይችል ሰው ፓኬቱ ላይ የጠዋት ፀሐይና የማታ ጨረቃ ማሳል አሳፋሪ ነገር የለውም። በአካባቢያችን ኦሮምኛ የሚቀናው ሰው ብዙ በመሆኑም በሚገባው ቋንቋ እንዲጻፍለት መጠየቅ ይገባል። የመውጫ ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ዝናብና ሕፃን ወረቀትን አይምሩም።

አንድ ወረቀት

ቤት እንደገቡ፣ ከእንግዳና ከጠያቂ በፊት፣ ሁለቱንም ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉና በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዝርዝር ብቻ ይጻፉ። የመድኃኒቱ ስም ከንግድ ስሙ ጋር፣ የሚሊግራሙ መጠን፣ ምክንያቱ፣ ሰዓቱና የሚያበቃበት ቀን ይግቡበት። የቆመውን መድኃኒት ስም ጽፈው በላዩ ላይ መስመር ያስምሩበት፤ ስሙ እየታየ መሰረዙ «ይሄኛውስ ረስተውት ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ እንዳይመለስ ያደርጋል። የቆሙትን በሌላ ፌስታል አስረው ከሚወሰዱት ለይተው ያስቀምጡ። አንድ ዓይነት የመሰሉዎት ወይም ስማቸው የማይነበብ ካሉ ሁሉንም ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ፋርማሲ ይሂዱ፤ ለመጠየቅ ብቻ መምጣት ነውር አይደለም፤ የሚገላምጥዎት ካለ ሌላ ይሞክሩ።

እግረ መንገዴን የራሳችንን ሙያ አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ፍሬ ቆጥረን ስንሸጥ እሽጉን በመቀስ እንቆርጣለን፤ ስሙና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የታተመበት ጫፍ ከእኛ ዘንድ ይቀራል። ሲገዙ ስሙ ያለበትን ጫፍ እንዲሰጡዎት ወይም ስሙንና ቀኑን ፖስታው ላይ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ። ፖስታው ላይ 1×3 ተብሎ ከተጻፈ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ 2×1 ደግሞ ሁለት ፍሬ በቀን አንድ ጊዜ ነው። ይህን ገልብጠው፣ ሁለቱን ከፍለው ጠዋትና ማታ የሚወስዱ አጋጥመውኛል።

ሰዓታችንና ዘመናችን

በእኛ አገር የሚያጋጥም አደጋ እዚህ ላይ አለ። የሆስፒታል ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 8 ተብሎ የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ ቤት ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ይነበባል። ለአንዳንድ መድኃኒት ልዩነቱ የከፋ ላይሆን ይችላል፤ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲወጋ የታዘዘ ኢንሱሊን ግን ከምሳ በኋላ ሲወጋ የስኳሩ ቁጥጥር ይዛባል። በዝርዝርዎ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይጻፉ፤ «ጠዋት»፣ «ከቀኑ»፣ «ማታ» የሚለውን ይጨምሩበት።

በቀን ሁለት ጊዜ የሚለው ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይስማማል። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘ አንቲባዮቲክ በየ8 ሰዓቱ ነው፤ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ቢያደርጉት እንቅልፍ አይነካም። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ማያያዝ ቀላል ቢመስልም ከእራት እስከ ቁርስ ያለው ክፍተት ሰፊ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከረሱ፣ ትዝ እንዳለዎት ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተዉትና በመደበኛው ሰዓት ይቀጥሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ደርቦ መዋጥ የለም።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። ፓኬቱ ላይ ጊዜው የሚያልፍበት 08/2026 ተብሎ ከታተመ፣ ሳያስተውሉ በእኛ አቆጣጠር ካነበቡት ሚያዝያ 2026 ይመስልና ገና ብዙ ዓመት የቀረው መድኃኒት ይሆናል። እውነቱ ግን ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የፈረንጁ ወር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመተ ምሕረቱ 8 ይቀንሱ፤ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ይቀንሱ። ወሩን ደግሞ 1 ጥር፣ 2 የካቲት እያሉ ይቁጠሩ፤ 8 ነሐሴ ላይ፣ 9 መስከረም ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከዚያ የፈረንጅ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ ያ ቀን በእኛ ወር ከ19 እስከ 25 ባለው ውስጥ ነው። ሲገዙ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቢያሰሉት ይመረጣል።

ምግብ፣ ጾምና ጸበል

የደም ማነስ ክኒን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ከተዋጠ አይረኑ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያራርቋቸው። ለእንቅርት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲንም በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ከወተት ጋር አይስማሙም። ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱ ጠላ፣ ጠጅም ሆነ አረቄ አይጠጣም፤ ካበቃም በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ይታገሡ። ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ሲሄዱ «ትንሽ ቅመስ» የሚል አይጠፋምና አስቀድመው ይንገሯቸው።

ስኳር ያለበት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ወይም ረመዳንን ሲይዝ፣ ኢንሱሊኑን ወይም ዳኦኒል በሚል ስም የሚታወቀውን ግሊቤንክላማይድ እንደ ወትሮው ወስዶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ለመጾም የወሰነ ግን ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪሙን አማክሮ መጠንና ሰዓት ያስተካክል። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዛባ ስኳሩ ወርዷል ብለው ይያዙት፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፣ ሲሻለው ምግብ ያስከትሉ። ራሱን የሳተን ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አያድርጉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑም እሳትና አደጋን በ939 ይጥሩ።

ስለ ጸበል መናገር የሚከብዳቸው ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ዝምታው ነው የሚጎዳው እላለሁ። ወደ እንጦጦም ሆነ ወደ ሌላ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የቤት መድኃኒት፣ ማለትም ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚጠቀሙ ከሆነም ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ ይንገሩ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት

በልባቸው ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላቸውና ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። መጠኑ ትንሽ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ትንሽ ሲበዛ ይደማል፤ ስለዚህ አይ ኤን አር የተባለውን የደም ምርመራ በቀጠሮው ማድረግ ግድ ነው። በዚህ ላይ ጎመን አለ። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል የሚቀንሰው ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው፣ በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ያህል ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው መጠኑ ለዚያ ተስተካክሎ ሳለ በፋሲካ ማግስት ወደ ዶሮና ሥጋ ሲዞር ደሙ ከሚፈለገው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ጎመን ክልክል አይደለም፤ የሚፈለገው ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን መብላት ነው። ይህ ካልሆነ የጾሙን መግቢያና መውጫ ለሐኪምዎ አሳውቀው ምርመራውን ያቀራርቡት። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችም የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራሉ፤ ከየትኛውም ፋርማሲ ማንኛውንም መድኃኒት ሲገዙ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለው የመጀመሪያ ቃልዎ ይሁን።

ሁለተኛው የማስታገሻ ነገር ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በየሱቁ ሳይቀር ስለሚገኙ ቀላል ይመስላሉ፤ ለልብ ድካም፣ ለኩላሊት፣ ለጨጓራ ቁስለትና ለደም ግፊት ሕመምተኛ ግን ጉዳታቸው የከበደ ነው፤ ከዋርፋሪን ጋር ደግሞ የመድማት አደጋን ያባብሳሉ። ራስ ምታት ወይም ቁርጥማት ቢያስቸግር ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አያልፍም፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ከዚህ ባነሰ መጠን ስለሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ፓራሲታሞል እንዳለ አይርሱ።

ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለሳምንታት የወሰደ ሰውና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም፤ የሚቆመው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር

ወረቀት ላይ የታዘዘው አምስት ዓይነት፣ ኪስ ውስጥ ያለው የሦስቱ ዋጋ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው የረከሱትን መርጦ መግዛት ወይም ሁሉንም ግማሽ ግማሽ መውሰድ ነው፤ ሁለቱም ጥሩ አይደሉም፤ ለሕይወት የሚያስፈልገው ውዱ ሊሆን ይችላልና። አቅምዎን ሳይደብቁ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ይናገሩ። ያው መድኃኒት በሌላ ስም በርካሽ ሊኖር ይችላል፤ የከነማ ፋርማሲዎችን ዋጋ ይጠይቁ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም በመድኑ በኩል ከተዋዋለው ጤና ተቋም ይውሰዱ። ሲያልቅ የሚገዙት ከሌላ ፋብሪካ ሆኖ ቀለሙ ወይም ቅርጹ ቢለወጥ አይደንግጡ፤ ስሙንና ሚሊግራሙን ከዝርዝርዎ ጋር ያስተያዩ። አጠራጣሪ ሆኖ ከታየዎት ወይም ያልጠበቁት ጉዳት ካስከተለ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ ቁጥር 8482 ጥቆማ ይቀበላል።

አቀማመጥ

መድኃኒት ከምድጃና ከመታጠቢያ ቤት ይራቅ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ቀትር ላይ ስለሚግል ከግድግዳው ከፍታ ይልቅ ዝቅ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይምረጡ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከበረዶ ቤቱ ጋር ግን አይነካካ፤ አንዴ ከረጋ አይሠራም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ወይም ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስገብቶ መካከሉን በርጥብ አሸዋ መሙላት ያቀዘቅዘዋል። በመጠቀም ላይ ያለው ብልቃጥ ከፀሐይ ተጠብቆ በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት። ያገለገለ መርፌ በሚከደን ወፍራም የፕላስቲክ ጀሪካን ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

የሕፃን ሽሮፕ በቡና ማንኪያ አይለካ፤ አንድ ሚሊ ሊትር የት እንዳለ የሚያሳይ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ከፋርማሲ ይውሰዱ። በዱቄት መልክ የተሰጠ ሽሮፕ የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ነው።

ቀጠሮው

ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ያለማቋረጥ ከፈሰሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወዲያውኑ ይሂዱ። ከዚህ ውጪ በቀጠሮው ቀን ዝርዝሩን፣ ሁሉንም መድኃኒትና ባዶ ፓኬቶቹን ሳይቀር ይዘው ይሂዱ። «ባዶ ሆድዎን ይምጡ» ከተባሉ ደግሞ የተከለከለው ምግብ መሆኑን ያስተውሉ። ብዙ የደም ግፊት ሕመምተኞች የዚያን ቀን ክኒናቸውንም ስለሚተዉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ይለካና መጠኑ ያለ አግባብ ይጨመርባቸዋል። የደም ግፊት ክኒን በጥቂት ውኃ ይዋጣል፤ ኢንሱሊንና የስኳር ክኒን ግን ደሙ ተወስዶ ምግብ እስኪቀርብ ይቆያሉ፤ ስለዚህ እነሱንና ቁርስዎን በቦርሳ ይዘው ይውጡ።